ቀን ሾፌር፣ ማታ ቆዳ ሰፊ

ዕለቱ ጁሙዐ ነው፤ የዐስር ሶላት ተሰግዶ አብቅቷል። ጅዳ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ስድስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። በጠረጴዛው ላይ ወስፌ፣ መርፌ፣ በሰም የታሸ ክር፣ የእንጨት መዶሻና ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው የቆዳ ቁርጥራጮች ተዘርግተዋል። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነበር፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ወሬው እየሳሳ ሄዶ የመዶሻው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከስድስቱ አንዳቸውም በመተዳደሪያ ሙያቸው ቆዳ ሠራተኛ አይደሉም። የክፍሉ ባለቤት ሳዑዲያዊ የግንባታ መሐንዲስ ናቸው። ከአጠገባቸው ያሉት ሱዳናዊ በአንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ቀጥለው የተቀመጡት ግብፃዊ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ፓኪስታናዊው ወጣት በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ የመናዊው ኬክ ጋጋሪ ነው። በጠረጴዛው ጫፍ፣ መብራቱ በደንብ በሚደርስበት ቦታ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሚሰፉት ደግሞ ከደሴ ዙሪያ የመጡ የቤተሰብ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። ስማቸው እንዳይጻፍ ጠይቀዋል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እያንዳንዳቸው ወደዚህ ጠረጴዛ የመጡበት መንገድ ለየቅል ነው። መሐንዲሱ ጭልፊት ያረባሉ። ጭልፊቱ የሚያርፍበትን የእጅ ጓንትና ዓይኑን የሚሸፍነውን ትንሽ የቆዳ ቆብ ከገበያ ገዝተው አልረካ ስላሉ ራሳቸው ለመስፋት ተነሡ። በጭልፊት ማደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረ የአካባቢው ልማድ ነው፤ ስለ ቆቡ ስፌት ግን ብዙ ሲነገር አይሰማም። ቆቡ የጭልፊቱን ዓይን ሳይነካ ብርሃን መከልከል አለበት። በአንድ ሚሊ ሜትር ከሳተ ወፉ ራሱን እያራገፈ ይጥለዋል። መሐንዲሱ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቆቦች እንደጣሉ በሣቅ ይናገራሉ።

ነርሱ የመቀሱን ማኅደር ሊሠራ መጥቶ ቀረ። የሒሳብ ሠራተኛው በቀበቶ ጀመሩ። እሳቸው እንደሚሉት የቆዳ ስፌት እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው፤ በግራና በቀኝ ያለው የቀዳዳ ቁጥር እኩል ካልሆነ መጨረሻው ላይ ይጋለጣል፣ ማስተባበያም የለውም። መምህሩ የተማሪነት ዘመን መጻሕፍታቸው ገጽ ገጹ ስለተበታተነባቸው ጥራዝ መማር ፈለጉ። ኬክ ጋጋሪው ምክንያቱን ሲጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ እሱ የሚሠራው ነገር ሁሉ በዕለቱ ተበልቶ የሚያልቅ ነው።

ለገበያ የሚሠራ የለም። የአብዛኞቹ የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጣቸው ለተቀጠሩበት ሥራ ስለሆነ፣ የሰፉትን ለራሳቸው ይይዙታል ወይም በስጦታ ይሰጡታል። ይህ መሆኑ አንድ በጎ ጎን አለው፤ የሚያጣድፋቸው ደንበኛ የለም። አንድ የኪስ ቦርሳ ሦስት ጁሙዐ ቢፈጅ የሚቆጣ አይኖርም።

የሳዑዲ ዓረቢያ የባህል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. 2025ን የእደ ጥበብ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። በዚያ ምክንያት ስለ እጅ ሥራ ብዙ ተነግሯል። ይሁንና የጠረጴዛው ታሪክ ከዚያ ይቀድማል፤ ከዚያም በላይ እጅግ ሩቅ ይሄዳል።

ወደ ሾፌሩ እንመለስ። በአገራቸው ቤት ውስጥ ቆዳ የማይገባበት ቦታ አልነበረም። ልጅ ሳሉ የተኙት በቁርበት ላይ ነው። አያታቸው የሚሰግዱት በበግ አጎዛ ላይ ነበር። እህሉ በስልቻ ይጫናል፣ በሬው በጠፍር ይጠመዳል፣ የቁርኣኑ ሙስሐፍ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከግድግዳው ኩላብ ላይ ይሰቀላል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን ከመንደሩ ወጣ ብሎ ይኖር ነበር። ከደጅ ቆሞ ይነጋገራል እንጂ ወደ ቤት አይዘልቅም፤ ከእሱ ወገን ልጅ አይሰጠውም፣ ልጅም አይወሰድለትም። ሲጠራ በስሙ ሳይሆን «ፋቂ» ተብሎ ነው። ቃሉ የሥራ መጠሪያ ነበረ፤ ሲውል ሲያድር ግን ስድብ ሆነ።

ይህ በአንድ መንደር የታየ ነገር አይደለም። ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ሲንቋሸሹ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ሥር መስደድ ያሳያል፤ ማንም የማይሠራውን ጥፋት የሚከለክል አዋጅ አይወጣምና። አዋጁ ወጣ፣ ቃሉ ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ሾፌሩ ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁት ለዚህ ነው። በሕይወት ያሉት አባታቸው ልጃቸው በጁሙዐ ቀን ቆዳ ሲሰፋ እንደሚውል አያውቁም።

የሚገርመው፣ በንቀቱ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ተካፋይ መሆኑ ነው። የሙስሊሙ ግን ይበልጥ ጥያቄ ያስነሣል። ምክንያቱም በእስልምና ታሪክ የቆዳ ሥራ የተገፋ ሰው ሥራ ሆኖ አናገኘውም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ስትጠየቅ ከዘረዘረቻቸው ነገሮች አንዱ ጫማቸውን ራሳቸው መጠገናቸው እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ለዚህ የጫማ ጥገና ዓረብኛው የሚጠቀምበትን ቃል አንባቢ ያዝ ያድርግልን፤ «ኸስፍ» ነው። እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ደግሞ ቆዳ እያለፋችና እየሰፋች፣ ያገኘችውን ሶደቃ ትሰጥ ነበር። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች መካከል ቀድማ የምትከተላቸው «እጇ ረጅሙ» እንደሆነች በተነገራቸው ጊዜ እጆቻቸውን ይለካኩ ነበር። ዘይነብ ቀድማ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ስታርፍ የእጅ ርዝመት ማለት ልግስና መሆኑ ገባቸው። ያ ልግስና የወጣው ከወስፌና ከቆዳ ነው።

ቆዳና ሐበሻም ከዚያ ዘመን ጀምሮ የተዋወቁ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ በተሻገሩ ጊዜ ቁረይሾች እንዲመለሱላቸው ለመጠየቅ ሁለት መልእክተኞች ላኩ፤ ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት መልእክተኞቹ የጫኑት ስጦታ የመካ ቆዳ ነበር፤ ከመካ ከሚመጣለት ሁሉ ነጃሺው አብልጦ የሚወደው እሱን ስለነበር። ነጃሺው ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም፣ ስጦታውንም መለሰ። የታሪኩን ዋና ነገር ሁላችንም ከልጅነት እናውቀዋለን። ስጦታው ቆዳ እንደነበር ግን ሾፌሩ የሰሙት በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከግብፃዊው መምህር አፍ ነው።

ያ ቆዳ በአብዛኛው በሒጃዝና በየመን ይለፋ የነበረ ነው። ጣኢፍ በቆዳ ማልፊያነቷ የታወቀች ስለነበረች፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የየመኑ ጂኦግራፊ ጸሐፊ አል ሐምዳኒ ከተማዋን የቆዳ አልፊዎች አገር ብለው መዝግበዋታል። ለማልፊያ የሚወሰደው «ቀረዝ» የሚባለው የግራር ፍሬ ነው። ግራሩ በቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም ይበቅላል፤ ፍሬውን ወቅጦ ቆዳ መንከርም በሁለቱም ዳርቻ የነበረ ጥበብ ነው። ልዩነቱ የነካሪው ክብር ላይ ነው።

ኢብን ቁተይባ (በ276 ሂጅሪያ የሞቱት) «አል መዓሪፍ» በተሰኘው ሥራቸው ለታላላቅ ሰዎች የእጅ ሙያ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተዋል። የካዕባን ቁልፍ የያዙት ዑስማን ኢብን ጠልሓ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ፍላጻ ይጠርቡ እንደነበር የምናገኘው ከዚያ ነው። ዝርዝሩ ሰውን ለማሳነስ የተጻፈ አይመስልም።

ከሁሉ ግን የሒሳብ ሠራተኛው የሚወዱት የአቡ በክር አል ኸሷፍን ታሪክ ነው። እኒህ ሰው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅሪያ በባግዳድ የነበሩ ታላቅ የሐነፊ ፊቅህ ሊቅ ናቸው። ስለ ወቅፍ ሕግና ስለ ቃዲ ሥነ ምግባር የጻፏቸው ኪታቦች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ለዐባሲዩ ኸሊፋ አል ሙህተዲ ስለ መሬት ግብር ኪታብ ጽፈውላቸዋል። ኸሊፋው ሲገደሉ የሊቁ ቤት ተዘረፈ፣ ከኪታቦቻቸውም የጠፋ አለ። እኒህ የቤተ መንግሥት ሰው ግን የሚበሉት ከእጃቸው ሥራ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ሥራቸውም ስማቸው ላይ አለ። «ኸሷፍ» ማለት ያ ቀደም ሲል ያየነው «ኸስፍ» ሠሪ፣ ጫማ ጠጋኝ ማለት ነው። የሕግ ምክራቸውን ለመግዛት የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ ሰውየው ጫማ ጠግነው ምሳቸውን እንደሚችሉ ማሰብ ነበረበት። እንዲህ ያለውን ሊቅ በደመወዝ ማስፈራራት ቀላል አይሆንም።

ከሙያ የተገኘ የማዕረግ ስም ሁልጊዜ የሚታመን እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። የበስራው የሐዲስ ዘጋቢ ኻሊድ «አል ሐዛእ»፣ ጫማ ሰፊው፣ ተብለው ይጠራሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አንድም ጫማ እንዳልሰፉ፣ ስሙን ያገኙት ከጫማ ሰፊዎች ጋር መቀመጥ ያዘወትሩ ስለነበር መሆኑን ይናገራሉ። አንድ ሊቅ ከጫማ ሰፊዎች ጋር መዋል ይወድ ነበር፤ ስሙም ሳያሳፍረው አብሮት ኖረ። ሾፌሩ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም እንዳሉ መምህሩ ነግረውናል። በእሳቸው መንደር ከፋቂ ደጅ ሲቀመጥ የታየ ሰው ስም ይወጣለት ነበር፤ የሚወጣለት ግን ለማዕረግ አልነበረም።

በትርፍ ጊዜ ቆዳ የሚሠራ ሰው አለቃ ከተፈለገ ግን የሚሻለው የኢየሩሳሌሙ አል ሙቀደሲ ነው። አያቱ ለኢብን ጡሉን የዐካን ወደብ የገነቡ መሐንዲስ ነበሩ። እሱ ራሱ የሙስሊሙን ዓለም እየዞረ አይቶ እ.ኤ.አ. በ985 ገደማ የጻፈው የጂኦግራፊ ኪታብ ከዘመኑ ምርጥ ሥራዎች ይቆጠራል። በመንገዱ ላይ 36 ዓይነት ስም እንደተጠራ ይዘረዝራል፤ ፊቅህ አዋቂ፣ ሱፊ፣ ነጋዴ፣ ኢማም፣ ሙአዚን፣ ኸጢብ፣ መልእክተኛ፣ እንዲሁም የኪታብ ጠራዥ። በመንገደኛ ላይ ከሚደርሰው ሁሉ ልመናና ከባድ ኃጢአት ብቻ እንደቀሩት ይናገራል።

ጥራዙ የዋዛ አልነበረም። የመን ሳለ የዐደኑ አሚር ሙስሐፍ እንዲጠርዝላቸው ላኩበት። አል ሙቀደሲ በአገሩ ጠራዦች የሚጠቀሙበትን ከሥር የሚሠራ «አሽራስ» የሚባል ማጣበቂያ ፈለገ። ሽቶ ሻጮቹን ቢጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ፤ ምናልባት የገበያው ተቆጣጣሪ ያውቅ ይሆናል ብለው ወደ እሱ ላኩት። ተቆጣጣሪው ከየት እንደመጣ ጠየቀው። ከፍልስጤም መሆኑን ሲሰማ፣ የጥጋብ አገር ሰው በመሆኑ ነው እንጂ በየመን አሽራስ ቢገኝ ኖሮ ሰዉ ይበላው እንደነበር ነግሮ፣ በስታርች እንዲያጣብቅ መከረው። የመኖች ጥሩ ጥራዝ ስለሚወዱ ለአንድ ሙስሐፍ ሁለት ዲናር ይከፍሉት እንደነበርም ጽፏል። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ጨዋታ ለየመናዊው ኬክ ጋጋሪ በተነበበለት ጊዜ እስኪያለቅስ ስቋል። ስታርቹ ደግሞ የእሱ ሙያ ነው፤ ለመምህሩ ጥራዝ የሚሆነውን ማጣበቂያ ከስንዴ ስታርች የሚያበስለው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ሐረር አለች። የሐረር ጠራዦች ቁርኣንና ኪታብ በታተመ ቆዳ ይሸፍኑ ነበር፤ በመካከሉ የፈርጥ ቅርጽ፣ በጎኑ የኪታቡን አፍ የሚሸፍን ምላስ ያለው ጥራዝ ነው። ማንነቱን ለውጦ ጉዞ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ለሐረር የሚያሞግስ ቃል የሚወጣው ሰው አልነበረም። ጥራዟን ግን አደነቀ፤ በምሥራቁ ዓለም በጥንካሬና በመልክ የሚበልጣት ፋርስ ብቻ እንደሆነች መሰከረ። ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘው፣ በአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተመሠረተው ሙዚየም በርካታ የእጅ ጽሑፎችን ይዟል፤ ያረጁትን የመጠገንና የመጠረዝ ሥራም እዚያ ይከናወናል። አንዱ ኢትዮጵያዊ ቆዳ ሲያለፋ ሲሰደብ፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ በቆዳ ላይ ያስቀመጠው እጅ ለባዕድ ተጓዥ ኩራት ሆኖ ታየ ማለት ነው።

ስለ ሥራው ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላልና። ለእጅ ስፌት የሚመረጠው በዛፍ ቅርፊትና ፍሬ የለፋ ቆዳ ነው። በክሮም የሚለፋው ቶሎ ይደርሳል፣ ለስላሳም ነው፤ የዓለም ገበያም በአብዛኛው የሱ ነው። በዛፍ የለፋው ግን ሳምንታትና ወራት ይፈጃል፤ ሲረጥብ ቅርጽ ይይዛል፣ ማኅተም ሲያርፍበት ይቀበላል፣ ጠርዙም በውኃ ርሶ በእንጨት ሲታሽ እንደ መስተዋት ያበራል።

ስፌቱ በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው። ክሩ ከሁለቱም ጫፍ መርፌ ይታሰርበታል፤ በወስፌ በተበሳው በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱ መርፌ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ያልፋል። ስለዚህ ክሩ በአንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ የቀረው ስፌት አይፈታም፤ በሌላ አቅጣጫ የሄደው ክር ይዞታል። የመኪና ስፌት ይህ የለውም። የኮርቻ ሠሪዎች ስፌት ነው፤ የሰው ሕይወት በጠፍር ላይ በተንጠለጠለበት ዘመን የተወለደ በመሆኑ ጥንካሬው አይገርምም።

ቆዳው ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። በዒድ አል አድሐ የሚታረደው ከብት ቆዳ ተሽጦ ለአራጁ ደመወዝ እንዳይሆን የሚከለክል ሐዲስ እንዳለ አንባቢ ያውቃል፤ ባለቤቱ ራሱ እንዲጠቀምበት ወይም በሶደቃ እንዲሰጠው ግን ተፈቅዷል። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ የጥሬ ቆዳ ዋጋ ከመውረዱ የተነሣ ከበዓል በኋላ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ይታያል። ቁርበት ለመኝታ፣ አጎዛ ለመስገጃ ሲሆን ባደገ ሰው ዓይን ይህ የሚያሳዝን ነው። ሾፌሩ ስለዚህ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ በዚያ ምሽት ከፍ ሲል የሰማነው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

እሳቸው ወደ ቆዳ የመጡት በመኪናው በኩል ነው። የቀጣሪያቸው አሮጌ መኪና የመሪ ሽፋን ተቀደደ። ቀጣሪያቸው መሐንዲሱን ያውቁ ስለነበር ወደ እሳቸው ላኳቸው። መሐንዲሱ ሽፋኑን ከመስፋት ይልቅ ወስፌውን አስያዟቸው። የሾፌር እጅ ብዙ ሰዓት አንድ ነገር ጨብጦ መቆየት የለመደ ነው፤ ለስፌት ይስማማል። ከልጆች ትምህርት ቤት ደጅ፣ ከገበያ አዳራሽ ማቆሚያ፣ ከሆስፒታል በር ሌሎች ሾፌሮች ስልካቸውን ሲያዩ እሳቸው ጭናቸው ላይ ትንሽ ቆዳ አስቀምጠው ይሰፋሉ። የቤቱ ልጆች ለቁልፋቸው፣ ለእርሳሳቸው ማኖሪያ ሰፍተውላቸዋል። በመንገድ ያገኛቸው የአገራቸው ልጅ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቃቸው ግን ቆዳውን ከመቀመጫው ሥር ይከቱት ነበር። ይህን ሲናገሩ አልሸሸጉም፤ አልሣቁም።

ባለፈው ዓመት ለአባታቸው የሙስሐፍ ማኅደር ሰፉ። ልክ እንደ ድሮው፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ጠፍር ያለው፣ ክዳኑ በቆዳ ቁልፍ የሚዘጋ። አራት ወር ፈጀባቸው። ማን እንደሰፋው ሳይነግሩ በሚሄድ ሰው ላኩት። አባትየው ከመካ የተገዛ ነው ብለው ተቀበሉት። አሁን ከኩላቡ ላይ ተሰቅሎ እንግዳ ሲመጣ ይወርዳል፤ ስፌቱ እየተዳሰሰ ይመለከቱታል፣ ዱዓም ይደረግበታል። ባለፈው ወር በስልክ ሲያወሩ አባትየው አንድ ጥያቄ አመጡ። ጎረቤታቸው ሸህ ተመሳሳይ ማኅደር እንዲገዛላቸው ይፈልጋሉ፤ ዋጋው ስንት ነው?

ሾፌሩ ጠይቄ እነግርዎታለሁ አሏቸው።

ሁለተኛው ማኅደር ዛሬ በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ጎኑ አልቋል፣ ክዳኑ ይቀራል። በመጪው ዒድ ዕረፍት ይዘውት ሊሄዱ አስበዋል፤ በዚያን ጊዜ ስለ ዋጋው ከአባታቸው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይኖርባቸዋል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቀዳዳዎቹን ቆጠሩ፣ ሁለቱን መርፌዎች ሰሙ ላይ ሰኩ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ተነሡ።